ቁራሌው የሚወስደውና የማይወስደው

አዲስ አበባ ውስጥ ማዳበሪያ በትከሻው ጥሎ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ «ቁራሌው!» የሚል ሰው የማያውቅ ግቢ የለም። ቆርቆሮ፣ ብረታ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ ይገዛል። ክርክሩ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሚዛኑም ብዙ ጊዜ የራሱ ዐይን ነው። ልዋጭ ደግሞ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ቆሻሻን መልሶ መጠቀም ስብሰባና መፈክር ሳይኖረው በፊት የእነዚህ ሰዎች እንጀራ ነበር፤ አሁንም ነው።

ከሚሰበሰበው ዕቃ ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ የዘይት በርሜል ተቀዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይወጣዋል፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ይቆረጣል። የተበሳ የአሉሚኒየም ድስት እንኳ ከንቱ አይደለም፤ አሉሚኒየምን እንደገና ለማቅለጥ የሚፈጀው ኃይል ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

የሃይላንድ መንገድ ለየት ይላል። ተጨፍልቆ ይታሰራል፣ ፋብሪካ ገብቶ ይፈጫል፣ ይታጠባል። የጠርሙሱ ፕላስቲክ ከውኃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ የክዳኑ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ሁለቱን የሚለያያቸው እንግዲህ ተራ ውኃ ነው። የታጠበው ፍጭ ቀልጦ ክር ወይም የትራስ ሙሌት መሆን ይችላል። ወጥ የፈሰሰበት ካርቶን ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ቅባቱ ከወረቀቱ ጭረት ስለማይለቅ ማንም አይገዛውም።

ቤተሰቡ የሚጠየቀውም ከዚህ ብዙ አይበልጥም፦ እርጥቡን ከደረቁ አለመደባለቅ። አንድ ፌስታል ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ደብተርና ጣሳ አብረው ካደሩ ደብተሩ ሞተ፣ ጣሳውም ማጠቢያ ፈለገ። ሁለት ማጠራቀሚያ ያለው ቤት ዋናውን ሥራ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ቁራሌው የማይነካው ያንን የወጥ ቤት እርጥብ ነው። በክብደት ደግሞ ከቤታችን ከሚወጣው ትልቁ ድርሻ እሱ ነው፤ ጉዞውም ለብዙ ዓመታት ወደ ረጲ፣ ወደ ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። እቶን ግን ልጣጭ አይወድም። እርጥቡ እስኪደርቅ ድረስ እሳቱ ጉልበቱን ውኃ በማትነን ይጨርሳል።

እናቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፣ የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል። ለቀረው ብስባሽ አለ። ጎኑ የተበሳሳ በርሜል ውስጥ አንድ ድርብ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የቡና አተላ፣ በላዩ አንድ ድርብ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ እየተደረገ ይሞላል። ሥጋና ቅባት አይግባበት፤ አይጥ ይጠራል። በየሳምንቱ ይገላበጥ። እፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ ውኃ ካንጠባጠበ ደረቅ ቅጠል ይጨመርበታል፤ ከተበተነ ውኃ ይረጭበታል። ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቁርና የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል። በረንዳ ብቻ ያለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም በባልዲ ሊሞክረው ይችላል፣ ጎረቤት ከታገሠ።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉ ጠንክሯል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የከለከለው ስሱን፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር የማይሞላውን ነበር፤ ገበያው ብዙም አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ግን ፌስታልን በጠቅላላ ይከለክላል። ዘንቢል ይዞ ጉልት መውረድ ኋላቀርነት የሚመስላቸው ሰዎች አሁን ሊያስቡበት ነው።

ሁለት ነገሮች ከየትኛውም ማጠራቀሚያ ይለያሉ። አንዱ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ መርዙ አትክልት ውስጥ እንዳይገባ ብስባሽ አጠገብ አይደርስም። ሌላው የተሰበረ ብርጭቆ ነው፤ በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ለብቻው ታስሮ፣ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች ተነግሮ ይሰጣል። ማዳበሪያውን የሚያነሱትም የሚያራግፉትም በእጃቸው ነው።