ሞተር አልባው በረራ

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ያለችው የኬንያዋ ሞያሌ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ቢኖራትም፣ ሞተር የሌላቸው ተንሳፋፊ አውሮፕላኖች ክበብ መኖሪያ ተብሎ በዚያ አገር የታወቀው ግን፣ ከፍታው 5,199 ሜትር በሆነው በኬንያ ተራራና በአበርዴር ሰንሰለት መካከል፣ በኒየሪ አጠገብ የሚገኘው የምዌይጋ የገጠር ሜዳ ነው።

ተንሳፋፊው በገመድ ተስቦ ከተነሣ በኋላ ገመዱን ለቅቆ፣ በአየር ውስጥ ዘወትር ቀስ በቀስ እየወረደ የሚሄድ ሲሆን፣ ፀሓይ ያሞቀችው ምድር የላከችው ሞቃት አየር እርሱ ከሚወርድበት ፍጥነት በሚበልጥ ፍጥነት ሲያርግ ካገኘ ግን፣ በዚያ ዐምደ ነፋስ ውስጥ እየዞረ፣ ክንፉን ሳያርገበግብ በጠፈር እንደሚያንዣብብ ንስር ወደ ላይ ይወጣል፤ እጅግ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው! ደረቅ መሬት ከረጠበው ፈጥኖ ስለሚሞቅ፣ በሞያሌ ዙሪያ ያለው ቆላ ለዚህ ዕርገተ አየር የተመቸ ነውና፣ የድንበሩ ወጣቶች ይህን ትምህርት ቢያገኙ ምኞቴ ነው።