አንበጣና ነቀዝ፦ የሽብር ስጋት እንዴት ይመዘናል?

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራሮች ግርጌ፣ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር ወደ ሸዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ያርፍባት ነበር፤ ዛሬም አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገበያዩባታል። ሕዝብ በሚሰበሰብበት እንዲህ ባለ ቦታ የሽብር ጥቃት ወሬ ሲናፈስ «ይደርስ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የትኛው ዓይነት ጥቃት፣ ምን ያህል የመድረስ ዕድል እንዳለውና ምን ጉዳት እንደሚያስከትል መለየት ይገባል።

ገበሬ ይህን ምዘና ያውቀዋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. እንደታየው አንበጣ ማሳ ያራቁታል፤ የሚመጣው ግን በብዙ ዓመት አንዴ ነው። ነቀዝ በየዓመቱ ጎተራ ይገባል። አስተዋይ አርሶ አደር አንበጣውን ባይንቅም የዘወትር ጥንቃቄው ለነቀዙ ነው።

በሽብር ስጋት ምዘና የአጥቂው ፍላጎት፣ አቅሙና የዒላማው ተጋላጭነት ይታያሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የተባለ መርዝ ለቅቆ ከ10 በላይ ሰዎችን የገደለው ኦም ሺንሪክዮ የሠለጠኑ ኬሚስቶች፣ ብዙ ገንዘብና የራሱ ማምረቻ ነበረው። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዎች የሞቱበትና ከ150 በላይ የቆሰሉበት ጥቃት ግን የተፈጸመው በእጅ ቦምብ ነው። ፍላጎት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በቦሌ ታይቷል፤ የኢትዮጵያና የናይጄሪያ የእግር ኳስ ጨዋታ ተመልካቾችን ለማጥቃት አቅደዋል የተባሉ ሁለት ሰዎች ቦምቡ በቤት ውስጥ ፈንድቶባቸው ሞተዋል።

ስለዚህ ለገበያ ከተማ ይበልጥ የሚቀርበው ስጋት ረቂቅ መርዝ ሳይሆን በሕዝብ መካከል የሚጣል ወይም ተደብቆ የሚቀመጥ ፈንጂ ነው። ባለቤት የሌለው ሻንጣ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ሲታይ ሳይነኩ መራቅና ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ውጊያ በተካሄደባቸው እንደ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ባሉ አካባቢዎች ማሳ ላይ የሚገኝ ያልፈነዳ ተተኳሽም፣ ሽብር ባይባልም፣ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል፤ በተለይ ልጆች እንዳያነሱት።

በአሊዩ አምባ ገበያ እንግዳ ፊት፣ ሌላ ቋንቋ ወይም የተለየ አለባበስ የስጋት ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ገበያው የቆመው በእንግዳ ነው። ለፖሊስ የሚጠቅመው ሰውየው ከየት እንደመጣ መገመት ሳይሆን ምን ሲያደርግ፣ የትና በስንት ሰዓት እንደታየ መናገር ነው።