የቱ ይቅደም? የቱስ ይከተል?
(ስለ ኮድ አስተካካይ መሣሪያዎች ቅደም ተከተል)



እንደሚታወቀው እኛ በሸዋ ቤንች አካባቢ ያደግን ልጆች ሥራ ተራ እንዳለው የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቡና ነው። እሸቱ ይለቀማል፤ በመፈልፈያ ይፈለፈላል፤ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። መፈልፈያው ደኅና፣ ውኃው ንጹሕ፣ ፀሐዩም በቂ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ዝልግልጉ ሳይለቅ ወደ አልጋ የወጣ ቡና የታጠበ ቡና አይባልም። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው፤ ያጠፋው ተራው ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ቡና አይደለም፤ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ነገሩ ግን ያው ነው፤ እኛም የተማርነው በስሕተት ነው።

ነገሩ እንዴት መጣ?

«5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ፣ ኮድ መጻፍ የሚሞክረው ወጣት ብዙ ነው። እኛም ሦስት ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት የምትደምር አንዲት ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጻፍን። ፈተና ከ60፣ ሙከራ ከ20፣ የቡድን ሥራ ከ10፣ የቤት ሥራ ከ10 ይያዛል። የቤት ሥራውን ከ20 ስላረምነው ፕሮግራሟ ለ2 ታካፍለው ነበር።

ውጤቱን በለጠፍን ማግስት አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። «መምህር፣ እኔ ስደምረው 71 ነው፤ እዚህ ግን 66 ይላል» አለችን። በወረቀት ደመርነው። ልጅቷ ልክ ናት! የቤት ሥራዋን 20 ከ20 አግኝታ ሳለ 10 ሊያዝላት ሲገባ 5 ተይዞላታል። ከመካከላችን አንዱ ለሙከራ ብሎ 2 የነበረውን 4 አድርጎት ረስቶታል። ጥፋቱ በእሷ ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ሁሉ ላይ ደርሷል።

ታዲያ ሦስታችንም ሳናየው እንዴት አለፈ? የለውጥ መዝገቡን፣ ማለትም ጊት የሚባለውን፣ ከፍተን ስናይ በዚያ ቀን ከ80 የሚበልጥ መስመር ተለውጧል ይላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እውነተኛ ለውጥ አንዷ መስመር ብቻ ናት። የቀረው አንዱ ጓደኛችን በብላክ፣ ሌላው በያፕፍና በአይሶርት ያስተካከሉት ክፍት ቦታና የመስመር አቆራረጥ ነው። አንዱ ያስተካከለውን ሌላው መልሶ ያስተካክላል። በዚያ ግርግር ውስጥ 2 ወደ 4 ስትለወጥ ማን ይያት?

ለመሆኑ ኮድ አስተካካይ ምንድን ነው?

ኮድ አስተካካይ ማለት የጻፍነውን ፕሮግራም በአንድ ደንብ አጽድቶ የሚያሰልፍ መሣሪያ ነው። በሦስት ከፍለን ብናየው ይቀላል።

ሀ/ ጠራጊ፦ ተጠርቶ ሥራ ላይ ያልዋለውን ያወጣል፤ አንዳንድ ስሕተትም ያርማል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ራፍ ይህን ይሠራል።
ለ/ ደርዳሪ፦ በፕሮግራሙ ራስ ላይ የሚጠሩትን ቤተ መጻሕፍት በተራ ይደረድራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይሶርት ለዚህ የተሠራ ነው።
ሐ/ አሰላፊ፦ ክፍት ቦታውን፣ የጥቅስ ምልክቱንና የመስመሩን ርዝመት ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ብላክ እንዲህ ነው።

ተራው ለምን እንዲህ ሆነ?

ኮድ የማታውቁ ሰዎች በስም ዝርዝር አስቡት። ኮምፒዩተር ካልተነገረው በቀር የኛን ፊደል የሚደረድረው በዩኒኮድ ተራ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ ይሄዳል። ኀ የሚገኘው ከቸ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው ልጅ ከላይ ሲሆን፣ «ኃይሉ» የተባለው ከ«ተስፋዬ» በታች ይወርዳል። መጀመሪያ ደርድረን ኋላ ፊደሉን አንድ ዓይነት ብናደርግ ሁለቱ ሀይሉዎች እንደተራራቁ ይቀራሉ። ተራ ቁጥር አስቀድመን ከሰጠን ደግሞ ስንደረድር ቁጥሩ ይመሰቃቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ ማድረግ፣ ቀጥሎ መደርደር፣ በመጨረሻ ቁጥር መስጠት ነው። (በመዝገቡ ላይ ግን የልጁ ስም ቤተ ሰቡ እንደሚጽፈው ይቆይ፤ አንድ የሚደረገው ለመደርደር የተገለበጠው ብቻ ነው።)

ኮዱም እንደዚሁ ነው። ጠራጊው አንድ ነገር ሲያወጣ ባዶ ቦታ ወይም ያልተስተካከለ መስመር ሊተው ይችላል። ደርዳሪውም ሲያዘዋውር የመስመሩ መልክ ይለወጣል። አሰላፊው ቀድሞ ከሠራ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ያበላሹትን ማን ያስተካክላል? ስለዚህ ጠራጊው ይቅደም፣ ደርዳሪው ይከተል፣ አሰላፊው ይጨርስ። የራፍ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ስሕተት የሚያርመው ክፍል ከአሰላፊዎች ሁሉ በፊት ይግባ ይላል።

ተራ ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። እዚህ ላይ ነው እኛ ሁለተኛ ጊዜ የተሳሳትነው። ብላክ ካልተነገረው በቀር አንድን መስመር እስከ 88 ፊደል ይፈቅዳል፤ አይሶርት ግን 79 ላይ ያቆማል። ረዥም የስም ዝርዝር ሲመጣ ብላክ ስሞቹን ከቅንፉ አውጥቶ ወደ ታችኛው መስመር ያወርዳል፤ አይሶርት ደግሞ ከቅንፉ አጠገብ ጀምሮ ከሥሩ ይደረድራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ፋይሉ በመጨረሻ የነካውን መሣሪያ መልክ ይይዛል፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ይገለበጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአይሶርት ማዘዣ ውስጥ «ፕሮፋይልህ ብላክ ይሁን» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ይግባባሉ። ያፕፍን ግን ጭራሽ ተውነው፤ ብላክም ያፕፍም አሰላፊዎች ስለ ሆኑ ለአንድ ሥራ ሁለት አለቃ አያስፈልግም።

ተራው የት ይጻፋል?

በቃል የተነገረ ተራ ይረሳል። ስለዚህ ፕሪ-ኮሚት የሚባል መሣሪያ አስገባን። ይህ መሣሪያ ሥራችንን በለውጥ መዝገቡ ላይ ከማስፈራችን በፊት አስተካካዮቹን በማዘዣው ፋይል እንደተጻፉት ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ያሠራቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ፋይሉን ከለወጠ ያቆመንና «የተለወጠውን እይና እንደገና አስገባ» የሚል ይመስላል። ማዘዣው ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ስለሚቀመጥ የሦስታችንም ኮምፒዩተር በአንድ ደንብ ይሠራል።

ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?

ሁለት ጊዜ አሠሩት። በመጀመሪያው ዙር ብዙ ቢለውጥ ግድ የለም። በሁለተኛው ዙር ግን አንዲት መስመር እንኳ መለወጥ የለበትም። ከለወጠ አንዱ መሣሪያ የሌላውን ሥራ እያፈረሰ ነው ማለት ነውና ወደ ማዘዣው ተመለሱ።

እኛ እንዲህ ካደረግን በኋላ የለውጥ መዝገቡን ስንከፍት የምናየው ሰው የለወጠውን ብቻ ሆነ። 4ን ወደ 2 የመለስንባት ቀን መዝገቡ ያሳየን ያችኑ አንዲት መስመር ነው። ግን አስተካካይ መሣሪያ ስሌት አያርምም፤ 2 ይሁን 4 ይሁን አያውቅም። ሥራው ዓይናችን ስሕተቱን እንዲያይ ግርግሩን ማንሳት ነው። ማየቱ የኛ ነው።

የክፍሉን ውጤት በሙሉ እንደገና ደምረን ለጠፍን፤ ለተማሪዎቹም ጥፋቱ የኛ መሆኑን ነገርናቸው። ያች ልጅ ከሰሌዳው ፊት ቆማ 71ን አየችና ደብተሯን ከፍታ አንድ ጊዜ ደግማ ደመረች። እኛም ከዚያ ወዲህ ውጤት ከመለጠፋችን በፊት የአምስት ተማሪ ድምር በእጃችን እንሠራለን።

ማዘዣውን ለማየት የሚፈልግ ሠልጣኝ ቢኖር ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ያገኘናል።