ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ጉድለት ሲወጣበት

በሳዑዲ፣ በአል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈርም ሆነ በደማም፣ ከግለሰብ የገዛችሁት መኪና በሳምንቱ ካምቢዮው ቢበላሽ «ሻጩ ነጋዴ ስላልሆነ አይጠየቅም» የሚላችሁን አትስሙ። ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. (2023 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የሳዑዲ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሽያጩ በፊት ለነበረ ስውር ጉድለት ግለሰብንም ተጠያቂ ያደርጋል። መኪናውን መልሳችሁ ገንዘባችሁን፣ ወይም መኪናውን ይዛችሁ የዋጋ ልዩነቱን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ወገኖቼ የሚጎዱት በጊዜ ገደቡ ነው። ክሱ የሚሰማው መኪናውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። ሻጩ በማጭበርበር እንደደበቀው ከተረጋገጠ ግን በዚህ ገደብ ሊከላከል አይችልም። በተለመደ ፍተሻ ሊታይ ይችል የነበረ ጉድለት ደግሞ፣ ሻጩ «እንከን የለውም» ብሎ ካላረጋገጠላችሁ ወይም ካልደበቀው በቀር፣ የእናንተው ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሻጩ «እንከን የለውም» ያለበትን የዋትሳፕ መልእክት አታጥፉ።

ቶሎ አታስጠግኑ፤ የተፈታ ሞተር ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ ጉድለቱን ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ከጋራዥ የምርመራ ወረቀት ያዙ። ካልተስማማ በፍትሕ ሚኒስቴሩ የናጂዝ መድረክ ላይ ክስ ይቀርባል። ያልከፈላችሁት ቀሪ ገንዘብ ካለ ደግሞ፣ ኢስቲማራው (የመኪናው የምዝገባ ወረቀት) ገና በሻጩ ስም ከሆነ አትክፈሉ።