ዓድዋ በሸራ፣ ሄስቲንግስ በጥልፍ፦ የጦርነት ሥዕል እንዴት ይነበባል?

የዓድዋን ጦርነት ሥዕል ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አለ፣ ካሌንደር ላይ አለ፣ የካቲት ሲመጣ ደግሞ ቲሸርት ላይ ሳይቀር አለ። በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ጦር፣ በሌላው ወገን የጣሊያን ጦር፣ ከላይ ደግሞ ፈረሱ ላይ የተቀመጠ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ብዙዎቻችን አየት አድርገን እናልፋለን። ግን አንብበነዋል ወይ? ይህ ዓይነቱ ሥዕል እንደ ጽሑፍ የራሱ ሰዋስው አለው። ሰዋስውን ስናውቅ ሥዕሉ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያለውንም ማየት እንጀምራለን።

ለማነጻጸር ይረዳን ዘንድ አንድ የሩቅ ዘመድ እንጋብዝ፤ በፈረንሳይ ከተማ ስሙን የተሰየመው የባዮ ጥልፍ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን እንዴት እንደወረረና በሄስቲንግስ ጦርነት ንጉሥ ሃሮልድን እንዴት እንዳሸነፈ ነው። ጥልፉ ከተልባ ተክል በተፈተለ ጨርቅ ላይ በቀለመ የበግ ጸጉር ክር የተሠራ ነው። ወርዱ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ግን 70 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እስቲ አንድ ጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም አስቡ። አራቱን ብትደራርቡ እንኳ የዚህን ጨርቅ ርዝመት አያህሉም።

ዓይናቸውን ቁጠሩ

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ጻድቃንና መልካም ሰዎች ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሳላሉ። ክፉዎች ግን በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። የዓድዋን ሥዕል የሳሉት ሰዎች አብዛኞቹ ጥበቡን የተማሩት ከዚሁ ከቤተ ክርስቲያን ወግ ስለሆነ ደንቡን ወደ ጦር ሜዳው ይዘውት መጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ሥዕሉን ስታገኙ ዓይን ቁጠሩ፦ ኢትዮጵያውያኑ ባለ ሁለት፣ ጣሊያኖቹ ባለ አንድ። ሠዓሊው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቃል ሳይጽፍ መልሷል።

የባዮ ጥልፍም መለያ አለው፤ የእሱ ግን ፀጉር ላይ ነው። ኖርማኖቹ ማጅራታቸው የተላጨ፣ እንግሊዞቹ ብዙ ጊዜ ባለ ረጅም ፀጉርና ባለ ሪዝ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ተመልካች ይህ ይበቃል። ለሚያነብ ደግሞ ከላይ የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ልክ በብዙ የዓድዋ ሥዕሎች ላይ የሰዎቹ ስም በአማርኛ እንደሚጻፈው።

ሰማዩ የማን ወገን ነው?

ሁለቱም ሥራዎች ቀና ብለው ሰማይን ያያሉ። በባዮ ጥልፍ ላይ ሰዎች በጣታቸው ወደ አንድ ጭራ ያለው ኮከብ ይጠቁማሉ። ይህ ዛሬ የሃሌይ ኮሜት የምንለው ነው። በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፤ በ1066 የጸደይ ወራት እንደታየም እርግጥ ነው። ጥልፉ ግን የኮሜቱን መታየት ሃሮልድ ከነገሠበት ትዕይንት አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሃሮልድ የነገሠው በጥር ነበር፤ ኮሜቱ የታየው በሚያዝያ። ወራቱን አጥፎ ሁለቱን ያቀራረበው «ሰማይ በዚህ ንግሥና አልተደሰተም» ለማለት ነው።

በዓድዋው ሥዕል ላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ለምን እሱ? ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። በወር በወሩ 23 የጊዮርጊስ ቀን ነው፤ ታቦቱም ከጦሩ ጋር ዘምቷል። ኮሜቱን አስትሮኖሚ በስሌት ያረጋግጥልናል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ምስል ግን ሌላ ዓይነት ማስረጃ ነው፤ ተዋጊዎቹና ልጆቻቸው ድሉን እንዴት እንደተረዱት የሚነግረን የእምነት ምስክርነት። የታሪክ ተማሪ ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል፤ ብቻ አያደባልቃቸውም።

ሥዕል ካርታ አይደለም

በሥዕሉ ላይ ሁለቱ ሠራዊቶች ፊት ለፊት፣ ልክ እንደ ሁለት ግድግዳ ቆመዋል። ዐፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር ናቸው፤ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ሽጉጥ ይዘዋል። ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሜዳ ላይ ያለ ይመስላል። እውነተኛው ዓድዋ ግን እንዲህ አልነበረም።

ጄኔራል ባራቲዬሪ 17,000 ገደማ የሚሆን ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ ሌሊቱን በተራሮቹ መሃል አስጓዘው። የያዙት ካርታ ስህተት ነበረበት። የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ የት እንደሆነ በመደናገሩ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ኪሎ ሜትሮች ቀድሞ ብቻውን ወጣ። ሊረዳው የተላከው የዳቦርሚዳ ብርጌድ ደግሞ አቅጣጫ ስቶ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። በቁጥር በእጅጉ የሚበልጠው የኢትዮጵያ ጦር የተነጣጠሉትን ብርጌዶች ተራ በተራ መታቸው። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ ሞቱ።

ታዲያ ሠዓሊው ዋሸ ማለት ነው? አይደለም። የእሱ ሥራ የጦሩን እንቅስቃሴ መለካት ሳይሆን ማን እንደነበረና ማን እንዳሸነፈ በአንድ እይታ ማሳየት ነው። የብርጌዶቹን አካሄድ ለማወቅ ወደ ሰነድና ወደ መልክዓ ምድሩ እንሄዳለን።

ከጨርቁ የቀረው

የሥዕል ትልቁ ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የባዮ ጥልፍ የአሸናፊው ወራሪ ተረክ ነው። ያሠራው የዊልያም የእናት ልጅ ጳጳስ ኦዶ ሳይሆን እንደማይቀር ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ስለዚህ ሃሮልድ በቅዱሳን አፅም ላይ እጁን ጭኖ ለዊልያም ሲምል በደንብ ይታያል። መልእክቱ «ቃሉን የበላው እሱ ነው» የሚል ነው። የሃሮልድ ወገኖች ጥልፍ ቢሠሩ ኖሮ ያንን መሐላ በዚያ መልክ የሚያሳዩት ይመስላችኋል?

ዓድዋም ከጀርባው እንዲህ ዓይነት «ቃል» አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ ጣሊያንን መጠቀም «ትችላለች» የሚል መንፈስ ነበረው። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጣሊያን በዚያ ተመርኩዛ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት ያዝኩ አለች። አንድ ግሥ የአገርን ነጻነት ጥያቄ ውስጥ ከተተ። በተለመደው የዓድዋ ሥዕል ላይ ግን ውሉ የለም፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከተኩሱ ነው።

ሌላም የቀረ ነገር አለ። ከጣሊያን ጎን ከተሰለፉት ውስጥ ብዙዎቹ ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ፤ የአልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው የእነሱ ነበር። ከተማረኩት አስካሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩት እንደ ከዳተኛ ታይተው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህን ማወቅ የድሉን ታላቅነት አይቀንስም። ግን ሥዕሉን ብቻ አይቶ የሚያድግ ልጅ ጦርነቱ የነጭና የጥቁር ብቻ እንደነበር ያስባል፤ እነዚያን ሰዎችም ከነመኖራቸው አያውቃቸውም።

ሴቶችንም እንያቸው። በባዮ ጥልፍ ላይ ከ600 በላይ ሰዎች ተጠልፈዋል፤ ሴቶቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዓድዋው ሥዕል እቴጌ ጣይቱ ጎልተው ይታያሉ፤ ይገባቸዋልም። በመቀሌው ከበባ የጣሊያኖቹ ምሽግ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረገው የእሳቸው ዘዴ ነው። ስንቅ ያዘጋጁት፣ ውኃ የቀዱት፣ ቁስለኛ ያነሱት ሺዎች ግን ከሸራው ውጭ ቀርተዋል።

እስቲ ሞክሩት

ከለቡ መብራት ኃይል ፒያሳ ድረስ መንገዱ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ታክሲ መቀየሩ፣ ሰልፉ አለ። ግን አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዩ። እዚያው አካባቢ የዓድዋን ድል ለማሰብ የታነጸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና የዐፄ ምኒልክ ሐውልት አሉ። ያ ባይመቻችሁ በሰፈራችሁ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውም ይበቃል።

ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ አራት ነገር ጠይቁ። ማን በሁለት ዓይን ተሳለ? ሰማዩ ላይ ማን አለ? በተለያየ ሰዓትና ቦታ የሆነ ነገር አንድ ላይ የተቀመጠው የቱ ነው? ማን የለም? የአራተኛው መልስ ሥዕሉ ላይ አይገኝም፤ መጽሐፍ መግለጥ፣ አያትን መጠየቅ ይፈልጋል።