የአይስላንድ ሴቶች ሥራ የተዉበት ቀን

ዘወትር የሚሠራ ሥራ ከመለመዱ የተነሣ ዋጋው አይታወቅም፤ የሚታወቀው በቀረ ጊዜ ነው። በአውሮጳ በስተሰሜን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኘው የአይስላንድ ደሴት ሴቶች ይህን ነገር ለአገራቸው እንዴት እንዳስታወቁና ወደ መንግሥት ሥልጣን እንዴት እንደ ደረሱ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ልንገልጽ እንወዳለን። ዓመቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮጳ ነው።

የአይስላንድ ሴቶች እንደራሴ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1915 ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ለሞላ ብቻ ነበረ። በ1922 አንዲት ሴት አልቲንግ ለሚባለው ምክር ቤት ተመረጠች። ነገር ግን መብቱ በሕግ ቢጻፍም ሥልጣኑ አልተከተለውም፤ በ1975 ከ60ው እንደራሴዎች መካከል ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። ደመወዛቸውም ከወንዶች ያነሰ ነበረ።

ስለዚህ የሴቶቹ ማኅበሮች ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ሴት ሁሉ ሥራዋን እንድትተው መከሩ። አድማ ቢሉት ግን ብዙዎቹ የሚፈሩ ስለ ሆነ የዕረፍት ቀን አሉት። በዚህም ጥበብ ባለጸጋዪቱም ድኻዪቱም በአንድ ልብ ተስማሙ፤ ከመቶው 90 የሚሆኑት ሴቶች በዚያ ቀን ከመሥሪያ ቤትም ከወጥ ቤትም ተለዩ። የአገሩ ሕዝብ በጠቅላላው 220,000 ያህል ሲሆን በዋናው ከተማ በሬይኪያቪክ አደባባይ የተሰበሰቡት 25,000 ያህል ነበሩ።

ብዙ ትምህርት ቤቶችና የዓሣ ፋብሪካዎች ተዘጉ። አባቶች ልጆቻቸውን እየያዙ ወደ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ ማባበያ የሚሆን ከረሜላና እርሳስም ገዙ። በቶሎ የሚበስለው ቋሊማ ከየሱቁ አለቀ። እናት በየቀኑ ዝም ብላ የምትሸከመውን ሸክም አባት በአንድ ቀን ቀመሰው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት መሆኑ በዚህ ታየ።

ፍሬውም አልዘገየም። በ1976 ምክር ቤቱ የወንድና የሴትን እኩልነት የሚያዝ ሕግ አወጣ። በ1980 ወይዘሮ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ከሦስት ወንዶች ጋር ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት ለመሆን ከዓለም ሴቶች የመጀመሪያዪቱ እሳቸው ናቸው። ባል ሳይኖራቸው ልጅ የሚያሳድጉ እናት ነበሩ፤ ያ የዕረፍት ቀን ባይኖር ኖሮ ለዚህ ማዕርግ እንደማይበቁም ራሳቸው መስክረዋል። እስከ 1996 ድረስ 16 ዓመት አገለገሉ።

ይሁን እንጂ በዚያ አገር የመንግሥቱን ሥራ የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ወደዚህ መንበር የመጀመሪያዪቱ ሴት ወይዘሮ ዮሐና ሲጉርዳርዶቲር የደረሱት በ2009 ነው። በ2024 ደግሞ ወይዘሮ ሃላ ቶማስዶቲር ፕሬዚዳንት፥ ወይዘሮ ክሪስትሩን ፍሮስታዶቲር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ነገር ግን ሁሉ ተፈጸመ ብለው አልተቀመጡም፤ የደመወዝ ልዩነትና በሴቶች ላይ የሚደርሰው ግፍ ስላልቀረ ኦክቶበር 24 ቀን 2023 እንደገና ሥራ ተዉ። በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ካትሪን ያኮብስዶቲርም ከእነርሱ ጋር ከሥራቸው ቀሩ።

ከዚህ እንደምናስተውለው መብት በሕግ መጻፉ መጀመሪያው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ሸንጎ ገብቶ ስለ ሕዝብ ድካም የሚመክር ሰውም አስቀድሞ በገዛ ቤቱ ማን እንደሚደክም ቈጥሮ ቢነሣ ምክሩ የቀና ይሆናል።