ሳይቃጠል የጠፋ ማኅደር

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች «የአገልግሎት መዝገቤ ይታረምልኝ» እያሉ ለዓመታት ደጅ ሲጠኑ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ መቁሰሉ አልተመዘገበለትም፤ የሌላው ሜዳልያ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ሌላው ደግሞ የተሰናበተበት ምክንያት ተብሎ የተጻፈው እውነት አይደለም ይላል። ጉዳዩ ለምን እንዲህ እንደሚጓተት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ የሴንት ሉዊሱ ቃጠሎ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1973 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወታደሮች ማኅደር የተከማቸበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ነድዶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮች ጠፉ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ውስጥ የ80 በመቶው ያህል መዝገብ ወደመ። ቅጂ አልነበረውም፣ በማይክሮፊልምም አልተነሣም። ጥፋቱ ከባድ መሆኑ አያከራክርም። ዛሬ ላለው እሮሮ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይመስለኝም። በቬትናም፣ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የዘመቱት ወታደሮች ማኅደር በአብዛኛው እሳት ያልነካው ነው። እነሱም ግን እንደ አባቶቻቸው ደጅ እየጠኑ ነው።

ትኩረት የተነፈገው ምክንያት ገና ከጅምሩ ሳይጻፍ የቀረው ነገር ነው፤ ይልቁንም ያ ባዶ ቦታ «አልተጻፈም፣ ስለዚህ አልተደረገም» ተብሎ መነበቡ። የጦር ሠራዊት መዝገብ የወታደሩን ሕይወት እንዲተርክ ተብሎ የሚያዝ አይደለም። የሚያዘው አዛዡ ዛሬ ስንት ሰው እንዳለው እንዲያውቅ ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያው የምድር ጦሩ ሻምበሎች እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየቀኑ ያዘጋጁት የነበረው የጠዋት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ በስም የሚያነሣው የታመመውን፣ የቀረውን፣ የተዛወረውን፣ የሞተውን ነው። በቦታው ተገኝቶ ሥራውን ሲሠራ የዋለ ወታደር ከድምር ቁጥር በቀር ስሙ አይገባበትም። ለጥቂት ሳምንታት ለሌላ ክፍል በውሰት ተሰጥቶ በዚያ የቆሰለ ወታደርማ በሁለቱም ክፍሎች መዝገብ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። የላከው ክፍል አላየውም፣ የተቀበለው ክፍል የራሱ ሰው አድርጎ አልቆጠረውም። ማንም ሊጎዳው ፈልጎ አይደለም። ጸሐፊው የታዘዘውን ጽፏል፤ የታዘዘው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ለጡረታና ለሕክምና ማስረጃ የሚሆን ነገር አልነበረም።

የዚህ ሁሉ ማጠቃለያ ሆኖ ወታደሩ እጅ ላይ የሚቀረው ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ነው። ሣጥን 13 ሜዳልያዎቹን፣ ሣጥን 24 የስንብቱን ዓይነት፣ ሣጥን 28 የተሰናበተበትን ምክንያት ይይዛል። ወረቀቱ የሚዘጋጀው ደግሞ ወታደሩ ንብረት በሚያስረክብበት፣ ቤቱን በሚለቅበት፣ ቤተሰቡ ዘንድ ለመድረስ ቀን በሚቆጥርበት ሰሞን ነው። «አንብበህ ፈርም» ሲባል ይፈርማል። በኋላ ስሕተት አለ ሲል የገዛ ፊርማው ይቀርብበታል። ወረቀቱን የሞላው ጦሩ ነው፣ ዋናውን ማኅደር የሚያስቀምጠውም መንግሥት ነው፤ ስሕተት መሆኑን ማስረዳት ያለበት ግን ወታደሩ ነው።

ለእርማቱ የተቋቋመ አካል አለ። ከ1946 በፊት የአንድን ወታደር መዝገብ ለማረም የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣለት ነበር። በዚያ ዓመት ይህ አሠራር ቀርቶ እያንዳንዱ ጦር በሲቪሎች የሚመራ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ እንዲኖረው ተደረገ። አመልካቹ ስሕተቱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ቦርዱ ፍትሕ ያስገድዳል ብሎ ካመነ ግን ጊዜ ያለፈበትንም ያያል። ቀርቦ የመሰማት መብት የለም። ጉዳዩ በአብዛኛው የሚያልቀው በወረቀት ብቻ ነው። ቦርዱ የሚነሣውም ጦሩ ሥራውን በደንቡ መሠረት ሠርቷል ከሚል የሕግ ግምት ነው። ግምቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ያለ እሱ የትኛውም መሥሪያ ቤት ሥራ አይሠራም። ችግሩ ለተጻፈው ቃል የተሰጠው አመኔታ ላልተጻፈውም ጭምር መዋሉ ነው። ጸሐፊ የጻፈውን በጥንቃቄ ጽፎታል ብሎ መገመት ያስኬዳል። ያልጻፈው ሁሉ አልተደረገም ብሎ መገመት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ መሠረት የሚሆን የመዝገብ አያያዝ ኖሮም አያውቅ።

የቬትናም ዘማቾች ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ከጦርነት የሚመጣው የአእምሮ ቁስል ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የገባው በ1980 ነው። በ1969 እንቅልፍ አጥቶ፣ ጠጥቶ፣ ከክፍሉ ጠፍቶ ያለ ክብር የተሰናበተ ወታደር በማኅደሩ ላይ የሚገኘው ጥፋቱ ብቻ ነው። የበሽታው ስም ገና ስላልነበረ የትኛውም ሐኪም ሊጽፍለት አይችልም ነበር። ሆኖም ለዓመታት «በሕክምና መዝገብህ የለም» ሲባል ኖሯል። በወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ቸክ ሄግል ቦርዶቹ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን በቅን ዓይን እንዲያዩ መመሪያ የሰጡት በ2014 ነው፤ በ2017 የወጣው ማብራሪያ ደግሞ የወታደሩ የራሱ ቃል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አስቀመጠ። ለዚህ ወታደር ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላም ነገሩ አልቆመም። ከ2001 መጨረሻ እስከ 2007 አጋማሽ 26 ሺህ ያህል ወታደሮች «የስብዕና መዛባት» በሚል ምክንያት ተሰናብተዋል፤ ከእነሱ 2,800 ያህሉ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነቶች የዘመቱ ነበሩ። የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤቱ በ2008 ሲመረምር፣ ለእንዲህ ያለው ስንብት የሚያስፈልገው ሥርዓት መሟላቱን የሚያሳይ ሰነድ ከብዙ ማኅደሮች ላይ ጎድሎ አገኘ። እዚህ ላይ ሚዛኑ ሲዛባ ይታያል። ወታደሩ ሰነድ ሲጎድለው ጥያቄው ይወድቃል፣ ጦሩ ሰነድ ሲጎድለው ውሳኔው ጸንቶ ይቆያል።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ማኅደሩ የተቃጠለበት ሰው በአንድ በኩል የተሻለ መብት ያለው መሆኑ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1991 በኦሄር ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ማኅደሩ በመንግሥት እጅ ሳለ ከጠፋ፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመርዳትና ውሳኔውን የማስረዳት ግዴታው ከፍ ይላል ብሏል። የደመወዝ ሰነድ፣ የጠዋት ሪፖርት፣ የጓድ ምስክርነት ተፈልጎ ይሰበሰባል። በ2006 ደግሞ በቡካናን ጉዳይ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በጊዜው የተጻፈ የሕክምና መዝገብ አለመኖሩ ብቻውን የሰውን ቃል ለመጣል አይበቃም ሲል ወሰነ። ሕጉ መንገዱን ያውቀዋል ማለት ነው። ነገር ግን እነዚህ ውሳኔዎች የሚገዙት የጥቅማ ጥቅሙን መሥሪያ ቤት ነው። ያ መሥሪያ ቤት ሕክምና ሊፈቅድ ይችላል፣ የስንብት ወረቀቱን ግን አንዲት ፊደል አይለውጥም። የሚለውጠው ቦርዱ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ዝምታን እንደ ማስረጃ ማንበቡን ከአንዳንድ የጉዳት ዓይነቶች በቀር አልተወም።

የዚህ ተቃራኒ መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ያልሠሩትን ጀብዱ የሚያወሩ፣ ያላገኙትን ሜዳልያ የሚያጠልቁ ሰዎች አሉ፤ የአርባ ዓመት ትዝታም ይዋዥቃል። የተናገረ ሁሉ ቢታመን የእውነተኞቹ ጀግኖች ክብር ይረክሳል የሚሉት የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸው ናቸው፤ ስጋታቸውንም እጋራለሁ። ግን ጥያቄው ቃል ሁሉ ይታመን የሚል አይደለም። በማመልከቻው ላይ መዋሸት በወንጀል ያስጠይቃል፣ የጓዶች ቃልም ከክፍሉ እንቅስቃሴ መዝገብ ጋር ሊመሳከር ይችላል። ጥያቄው ማመሳከሩን ማን ይሥራ ነው። ቤተ መዛግብቱን የሚያውቅ፣ ሠራተኛና ሥልጣን ያለው መንግሥት ነው ወይስ የ75 ዓመት ሽማግሌ?

የስሕተቱ ዋጋ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ መታገስ ይቻል ነበር። «ጠቅላላ» የሚባለው ስንብት ከክብር ስንብት አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ያለ ነው፤ ቢሆንም የትምህርት ድጎማውን ያሳጣል። ሣጥን 28 ላይ ያለችው አንድ መስመር ቀጣሪ ፊት ትነበባለች። በጦሩ ውስጥ ላገለገሉ ስደተኞች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ኢትዮጵያውያንም አሉባቸው፤ በ2008 ጸድቆ በ2016 የተዘጋው የውጭ ዜጎች ምልመላ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነበር። በአገልግሎቱ ዜግነት ያገኘ ወታደር በድምሩ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ያለ ክብር ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሻር ይችላል። ሰውየው ከሞተም ማመልከቻው ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። እነሱም የሚጠየቁት ያንኑ ማስረጃ ነው፤ በጊዜው የነበረውን ጸሐፊም፣ አዛዡንም፣ የሻምበሉን ጓዶችም አያውቋቸውም። ምክር ቤቱ የኦሄርን ግዴታ በቦርዶቹም ላይ ቢጥለው፣ ማለትም ጦሩ መጻፍ ሲገባው ያልጻፈውን ፍለጋ ራሱ እንዲሠራ ቢገደድ፣ በመጀመሪያ የሚጠቀሙት እነዚህ ወራሾች ይሆናሉ።